ቦታ የሚለቅ ድምፅ

እትዬ የእናቴ ታላቅ ናቸው። ላሊበላ ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያው ከፍ ብላ ባለች ባለ አንድ በር ሱቅ ጧፍ፣ ዕጣንና ነጠላ ይሸጣሉ። ከጧፉ በፊት እዚያችው ሱቅ ውስጥ ካሴትና ሲዲ ነበር የሚሸጡት፤ እኔም ዘፈን የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ከባንኮኒው ሥር ተቀምጬ ነው። አሁን በየሠርጉ ኪቦርድ እጫወታለሁ። የመጀመሪያ አልበሜን ልቀዳ ወደ አዲስ አበባ ልነሣ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ ስልኬ ላይ ያሉትን አራት ዘፈኖች ላሰማቸው ሄድሁ። ፈትሉን በቀለጠ ሰም እየነከሩ፣ ገበታ ላይ በመዳፋቸው እያድበለበሉ ነበር የሰሙኝ። የተነጋገርነውን ሳይጠፋብኝ በዚያው ማታ ጻፍሁት።

እትዬ፦ ይቺ ሁለተኛዋ ስለ ምንድን ናት?

እኔ፦ ስለ ፍቅር ናት እትዬ። ልጅቷ ወልድያ ሄዳ ቀርታለች። እሱ እዚህ ሆኖ የሚላት ነው።

እትዬ፦ ምን ይላታል? ከበሮው አላሰማኝ አለ እኮ።

እኔ፦ ነይ አይላትም። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ሰው እየቆጠርሁ ነው ይላታል።

እትዬ፦ እሰይ፣ ደግ ነገር ብለሃል። ታዲያ ምነው ልጄ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሰው የሚጠብቅ እንዲህ ይዘላል?

እኔ፦ ሆን ብዬ ነው ያፈጠንሁት፤ ቴምፖው 128 ነው። ሠርግ ላይ ለስላሳ ዘፈን ስጀምር ሰው ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ስልክ ላይማ ይብሳል፤ መግቢያው ካልያዘው በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል። በመጀመሪያ አልበም ለስላሳ ይዞ መምጣት ገና ሳይጀምሩ ሜዳውን ለሌላ መልቀቅ ይመስለኛል።

እትዬ፦ እስቲ ያንን ካርቶን አውርደው፣ ከነጠላዎቹ በላይ ያለውን። ቀስ በል፣ ሰሙ ትኩስ ነው።

እኔ፦ እነዚህ ሁሉ እስካሁን አሉ?

እትዬ፦ የሚጫወቱበት ማሽን ጠፋ እንጂ እነሱ የት ይሄዳሉ? እሱን አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን። አንብበው።

እኔ፦ ኢዮብ መኮንን፣ «እንደ ቃል»።

እትዬ፦ በፈረንጆቹ 2007 ነው የወጣው፣ የሚሊኒየሙ ሰሞን። የልጁ የመጀመሪያ አልበም ነው። እኔ ያኔ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ስፒከሩን ወደ ገበያው አዞራለሁ፤ ዘፈኑ ራሱ ገበያተኛውን ይጠራልኛል። ይኸኛው ግን አልጠራልኝም። መንገዱን እንኳ ተሻግሮ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ከፍቼው ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ወደ ማታ አንድ የሸምሸሃ ገበሬ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ገባ። ከፈለ፣ ድንጋዩን በጋቢው ቋጠረ፣ ግን አልወጣም። በዱላው ተደግፎ ሦስት ዘፈን ሰማ። ከዚያ «ይኸ ልጅ ለማን ነው የሚያወራው?» አለኝ። ይዘፍናል አላለም፤ ያወራል ነው ያለው። ያን ጊዜ ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዞርሁት።

እኔ፦ ሬጌ ስለሆነ ነው። ሬጌ ውስጥ ከበሮው ከባዱን ምት አንደኛው ላይ አያሳርፍም፤ አንደኛውን ባዶ ይተወዋል። ሦስተኛው ላይ ነው ድም የሚለው። ጊታሩም ከምቱ ጋር አብሮ አይወርድም፤ በምትና በምት መካከል ነው ጫር የሚያደርገው። ባሱ ከሥር ብቻውን ይሄዳል። ጆሮ አንደኛውን ሲጠብቅ ክፍት ቦታ ያገኛል፤ ድምፃዊው በዚያ ክፍት ነው የሚገባው። ኢዮብ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባ፣ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» እንደሚል ሰው።

እትዬ፦ ይኸን ያህል ካወቅህ ክፍቱን ሁሉ ለምን ደፈንህብኝ?

እኔ፦ የኔ ሬጌ አይደለማ! የኔ ጭክጭካ ነው፣ የአገሬ ምት። ሬጌ የጃማይካ ነው።

እትዬ፦ ጃማይካስ ቢሆን ከኛ መቼ ራቀ? ንጉሡ ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጥተዋቸው መጥተው የተቀመጡት ለምን ሆነና ነው። በ1997 ጥር የቦብ ማርሌ ቤተሰቦች ስድሳኛ ዓመቱን መስቀል አደባባይ ሲያከብሩለት አገሩ በሙሉ ነው ያየው። ከዚያ በኋላ እኔም ሱቅ ሬጌ የሚጠይቅ ጎረምሳ በዛ። ግን የሚጠይቁኝ ስለ ትግልና ስለ አፍሪካ የሚዘፈነውን ነበር። ኢዮብ መጥቶ በዚያው ምት ላይ አንድ ሰው አንዲትን ሰው እንዴት እንደሚያናግር አሳየን። ልጁ ጅግጅጋ ነው የተወለደው፤ ዘፈኑ አማርኛ ነው፤ ምቱ ከባሕር ማዶ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ስፌቱ አይታይም።

እኔ፦ ስለ ፍቅር የሚዘፈን ሬጌ በውጭም ራሱን የቻለ ስም አለው፤ «ላቨርስ ሮክ» ይሉታል። በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች ናቸው ያወጡት። ጃኔት ኬይ በ1979 ያወጣችው «ሲሊ ጌምስ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደርሷል። ወላጆቻቸው ስለ ስደትና ስለ ነፃነት ሲሰሙ፣ ልጆቹ በዚያው ባስ ላይ ስለ ልባቸው አወሩ።

እትዬ፦ ይኸው! ልብ የሌለው አገር ያለ ይመስል።

እኔ፦ ጭክጭካውንም ከሬጌ ጋር ያጋባ አለ፤ ኃይሌ ሩትስ አልበሙን «ቺጌ» ያለው ለዚያ ነው። ስለዚህ ምቱ አይጣላም። የሚያስጨንቀኝ ዝግታው ነው። ዝግታ የኛ አይመስለኝም።

እትዬ፦ ዝግታ የኛ አይደለም? ገና ሲሆን ጧት የት ነው የምትቆም?

እኔ፦ ቤተ ማርያም ነው እንጂ፣ ሌላ የት እቆማለሁ?

እትዬ፦ ቤዛ ኩሉ ሲጀመር ምን ታያለህ?

እኔ፦ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከሥር። የላዮቹ ይላሉ፣ የታቾቹ ይቀበላሉ። በቀስታ ዝቅ ብለው በቀስታ ቀና ይላሉ። ግን እትዬ፣ ማኅሌትን ከዘፈን ጋር አያመሳስሉብኝ።

እትዬ፦ አላመሳስለውም፤ ይቅር ይበለኝ። እሱ የእግዚአብሔር ነው። እኔ የምልህ ስለ ጆሮህ ነው። ጆሮህ አንድ ነው፤ ያደገውም እዚያ ነው። አያትህ መሪጌታ ነበሩ። ማኅሌት በምን ይነሣል ይሉህ ነበር? ዝማሜው ላይ መቋሚያው ነው የሚወዛወዝ፤ ከበሮው ተቀምጦ ይጠብቃል። መረግዱ በኋላ ይመጣል። ጽፋቱ ከዚያም በኋላ ነው። ከራያና ከዋግ በእግሩ የመጣው ምእመን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው መድረሻውን ብቻ ፈልጎ ነው? አንተ አራቱንም ዘፈኖችህን ከጽፋት ነው የጀመርሃቸው።

እኔ፦ ይኸን አላሰብሁትም ነበር። አሸንድዬስ ታዲያ? በነሐሴ ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ሲወጡ ማን ዝግ ይላል?

እትዬ፦ እሱማ ሌላ ነው፤ እሱ የአደባባይ ነው። አሥራ አምስት ቀን የፍልሰታ ጾም ጾሞ ለሚወጣ ልጅ ዝለል እንጂ ሌላ ምን ትለዋለህ? ፈጣን ዘፈን ክፉ ነው አላልሁህም። እኔ ራሴ በልጅነቴ አሸንድዬ ይዤ ያልዞርሁበት መንደር የለም። አንተ ግን ስለ አንድ ልጅና ስለ አውቶቡስ ነው የጻፍኸው። እሱን አደባባይ ብታወጣው ያፍራል።

እኔ፦ «እንደ ቃል»ን ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ነው አይደል?

እትዬ፦ እሱ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጅ። ስቱዲዮውን ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቃለህ? በገና። ከሁሉ መሣሪያ በዐቢይ ጾም የሚደረደረውን፣ ለብቻ ተቀምጠው የሚያነቡበትን መርጦ ለዘፈን ቤቱ ስም አደረገው። እኔ ስሙን ስሰማ የሰውየው ሥራ ገባኝ። በፈረንጆቹ 2005 የዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም በሱ እጅ አለፈ። በ2007 ኢዮብ መጣ፣ ደግሞ ሚካያ በኃይሉ በ«ሸማመተው» መጣች። ሁሉም ገና ስማቸው ያልታወቀ ልጆች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ሥራ ነው የያዙት። ሰው ስሙ ሳይታወቅ ሲቀር መጮኽ ያምረዋል። እሱ አላስጮኻቸውም።

እኔ፦ ዘሪቱ እንኳ ሮክም አላት።

እትዬ፦ ጊታሩ ይጮኽ እንጂ እሷ አትጮኽም። የሚካያን ደግሞ ልንገርህ። ያንን ሲዲ የገዙኝ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የሆቴል ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ አንዲት ነርስም ነበረች። ገብተው «ያቺ ልጅ አለች?» ይሉኛል። ስሟን አይጠሩም፤ ያቺ ልጅ ነው የሚሏት፣ ጎረቤታቸውን እንደሚጠይቁ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ይሰማሉ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ሒሳብ መክፈላቸውን ረስተው የሚወጡም ነበሩ። አልቆጣቸውም። ነገ ተመልሰው ይከፍሉኛል። አፈሩን ገለባ ያድርግላት፣ እሷም በልጅነቷ ሄደች።

እኔ፦ አንድ ነገር ልበልዎት? ትናንት «እንደ ቃል»ን ስልኬ ላይ ሰምቼው ነበር፣ ይጠሩታል ብዬ። ኪቦርዱ አሁን ሲሰማ ያረጀ ነው፤ እኔ ያንን ድምፅ ዛሬ ለሠርግም አላወጣው። አንዳንዱ ዘፈንም ከሌላው ጋር ይመሳሰላል፤ የትኛው አልቆ የትኛው እንደጀመረ የጠፋኝ ጊዜ አለ።

እትዬ፦ እውነትህን ነው፤ ይመሳሰላል። እኔ ግን እንደ አንድ ማታ ጨዋታ ነው የምሰማው። ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያወራህ የትኛው ወሬ የት አለቀ ትላለህ? ኪቦርዱስ ያርጅ። ያላረጀውን ስማ። ርዕሱን ያዝ እስቲ። ቃል በኛ ቋንቋ ስንት ነገር ነው?

እኔ፦ ንግግር ነው። ኪዳንም ነው።

እትዬ፦ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ታውቃለህ። ደጅ ቆሞ ጮኾ «ልጃችሁን ስጡን» የሚል ሽማግሌ አይተሃል? ገብቶ፣ ተቀመጡ እስኪሉት ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ ጠይቆ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ቃል የሚሰጥ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚዋሽ ነው የሚያበዛው። ይኸ ልጅ ርዕሱን «እንደ ቃል» ብሎ በጩኸት ቢዘፍነው ኖሮ አላምነውም ነበር።

እኔ፦ ከበሮና ማሲንቆ ሳይዙ ሌሊት በየደጁ የሚዘፍኑት ላሊበላዎችም እንዲያ ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው ቃሉን ብቻ ነው ይዘው የሚመጡ።

እትዬ፦ ስማችንን ይዘው ነው አገር የሚዞሩት። እንግዲህ አስበው፣ መሣሪያ የሌለው ሰው ቃሉ ቢበላሽ ምን ይቀረዋል?

እኔ፦ እትዬ፣ ይኸን ሲዲ ስንት ሸጡ?

እትዬ፦ አትጠይቀኝ ብዬ ነበር በልቤ።

እኔ፦ ይተዉት ካሳዘነዎት።

እትዬ፦ የለም፣ ልንገርህ። ነገ ያንተም ሥራ ነው። ዋናውን የሸጥሁት ጥቂት ነው። ሌላውን ኮምፒውተር ላይ እየገለበጥሁ ነው የሸጥሁት። ከደሴ ዕቃው እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል፤ ጎረምሳው ዛሬ ነው የሚፈልገው፤ ባዶው ዲስክ ርካሽ ነው። አዋጁ ነበረ፣ የቅጂ መብቱ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996። በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ግን አዋጅ አዲስ አበባ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ኤልያስ መልካ በኋላ ከነጆኒ ራጋና ከኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ «አውታር» የሚባለውን መተግበሪያ ያወጣው ሰው ሙዚቃውን በስልኩ ከፍሎ እንዲገዛ ነው። ያን ወሬ ስሰማ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርሁ። ለኔ የተነገረ መሰለኝ። እኔ የሸጥሁት የሱን እንቅልፍ ነበር። በመስከረም 2012 ሞተ ሲሉኝ ሱቄን ዘግቼ ቤተ ጊዮርጊስ ወረድሁ፤ የማላውቀውን ሰው ስም ጠርቼ ጧፍ አበራሁ።

እኔ፦ ኢዮብ ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርሁ። ግን እርስዎ ሬዲዮውን እንዳጠፉ አስታውሳለሁ።

እትዬ፦ ነሐሴ 12 ቀን 2005። ፍልሰታ ነው። በጾሙ ዘፈን አልከፍትም፤ ለወሬ ነው የከፈትሁት። ታሞ ናይሮቢ ለሕክምና ሄዷል ሲባል ሰምተን ነበር፤ ይመለሳል ብለናል። ሞቱን ሲናገሩ አጠፋሁት። ገና በአርባ ቤት ያልገባ ልጅ። አሸንድዬ አራት ቀን ነው የቀረው፣ ልጃገረዶቹ ነጠላቸውን ሊያሳጥቡ ይመላለሳሉ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ዘፈኑን ልክፈት አልክፈት እላለሁ። ጾም ነው አልከፈትሁም። በቃሌ ግን አልኩት፣ በውስጤ። ኋላ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው አልበሙ «እሮጣለሁ» ወጣ አሉኝ። ያን ጊዜ ሲዲ መሸጥ ትቼ ነበር። አልሰማሁትም፤ እኔ የማውቀው የሚሮጠውን ሳይሆን የተቀመጠውን ነው።

እኔ፦ በውስጤ ስላሉ ያን የዝምታ ጊዜ አስታወሱኝ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እኔ ባሕር ዳር ነበርሁ። እርስዎ ስለዚያ ወራት ብዙ አይነግሩኝም።

እትዬ፦ ምን ይነገራል። በ2013 ሐምሌ ማለቂያ ነው ከተማው የተያዘው። መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ። ጧፍ ያለው ሰው እኔ ነበርሁ፤ እሱንም በቁጥር ነው የማበራው። ማታ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ከነሕፃኗ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ብቻዋን ፈርታ። ሕፃኑ አይተኛም። ውጭ የእግር ኮቴ ስንሰማ ሁላችንም ዝም እንላለን። ታዲያ አንድ ማታ ልጁን እያባበለች የኢዮብን ዘፈን ጀመረችው። «እንደ ቃል» ላይ ካሉት አንዱን፤ ግማሹን ቃል ረስታዋለች፣ የረሳችውን በእምም ትሞላዋለች። ከደረቷ የማይወጣ ድምፅ ነው። እኔ ያኔ ነው የገባኝ፣ ሌላ ዘፈን ብትጀምር ኖሮ አፏን በእጄ እይዘው ነበር። ያቺ ክፍል ውስጥ ሊዘፈን የሚችል ዘፈን እሱ ብቻ ነበር። ከበሮው ቢቀር አይጎድለውም፣ ቀስ ብትለው አይሞትም፣ ቃሉ ቢረሳ እንኳ ዜማው ይሸከመዋል። ሕፃኑ ተኛ። እኔም ከስንት ሌሊት በኋላ ተኛሁ።

እኔ፦ እትዬ።

እትዬ፦ እዚህ ሱቅ ውስጥ ብዙ ዘፈን ሸጫለሁ። ገበያውን የጠራልኝ ሁሉ የት እንዳለ አላውቅም። ያ መንገድ እንኳ የማይሻገረው ነው ጨለማውን አብሮኝ ያደረ።

እኔ፦ ቢሆንም እትዬ፣ ለስላሳ ካደረግሁት ላይሸጥ ይችላል። የስቱዲዮው ብድር ነው።

እትዬ፦ ላይሸጥ ይችላል። ይሸጣል ብዬ አልዋሽህም። እናትህም የምትጠብቀው ብር አለ፣ አውቃለሁ። ሦስቱን እንዳሉ ተዋቸው፣ ሠርጉንም ያስፈልጉታል፤ ሦስተኛዋማ እኔንም ትከሻዬን ነክታኛለች። ይቺን የአውቶቡሷን ግን እስቲ ንገረኝ፣ መጀመሪያ ስትጽፋት እንዲህ ፈጣን ነበረች?

እኔ፦ አልነበረችም። በክራር ነው ያወጣኋት፣ በትዝታ። ዝግ ያለች ነበረች።

እትዬ፦ ታዲያ ምን መጣባት?

እኔ፦ ከበሮው በሌለ ጊዜ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ «የሚወርደውን ሰው» የምትለው ላይ። ስቀዳው ሰማሁትና አፈርሁ። ከበሮ ስጨምርበት ተሸፈነልኝ። ቴምፖውን ሳፈጥነው ጭራሽ ጠፋ።

እትዬ፦ አሁን ከበሮውን ማውጣት ትችላለህ?

እኔ፦ ለብቻው ትራክ ላይ ነው። ስልኩ ላይም ይወጣል። ፍጥነቱንም እመልሰዋለሁ።

እትዬ፦ አውጣው። እኔ ሰሙን ከእሳቱ ላውርድ፣ በሩንም ገርበብ ላድርገው። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምርልኝ።